ባለ ብረት ፍሬም የቤት መዋኛ ገንዳ፦ ከካርቶኑ የሚወጣውና የማይወጣው

ግቢው ውስጥ መዋኛ እንዲኖረው የሚፈልግ፣ ለቁፋሮና ለኮንክሪት ግን አቅሙ ወይም ፍላጎቱ የሌለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ባለ ብረት ፍሬም ገንዳ ላይ ነው። እዚህ የምንገመግመው በሰፊው የሚሸጠውን መጠን ነው፤ ክብ፣ ስፋቱ 4.57 ሜትር፣ ቁመቱ 1.22 ሜትር። ሲሞላ 17,000 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ክብደቱ 17 ቶን መሆኑ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ሸራው፣ የብረት ቱቦዎቹ፣ መጋጠሚያዎቹ፣ መሰላሉ፣ የመሬት ምንጣፉ፣ መሸፈኛውና ባለ ካርትሪጅ (ተነቅሎ የሚታጠብና የሚለወጥ ማጣሪያ) ፓምፑ አሉ። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ሸራውና ብረቱ ከዋጋቸው በላይ ናቸው። ፓምፑ ይሠራል፣ ግን ለገንዳው ያንሳል። የገንዳውን ዕድሜ የሚወስኑት ሁለቱ ነገሮች፣ ማለትም የተስተካከለው መሬትና የውሃው መመርመሪያ፣ ከካርቶኑ አይወጡም።

ሸራው ሦስት ድርብ ነው። በሁለት የፒቪሲ ንጣፎች መካከል የፖሊስተር መረብ አለ፤ ጥንካሬውን የሚሰጠው መረቡ ነው። በጥንቃቄ ከተያዘ በርካታ ዓመት ያገለግላል። ጠላቶቹ ፀሐይ፣ ሹል ጠጠርና ሳይሟሟ ወለሉ ላይ ያረፈ የክሎሪን ዱቄት ናቸው። ብረቱ በዚንክ ተለብጦ ከላይ ቀለም የተቀባ ነው፤ ዝገት የሚጀምረው ግን ከቱቦው መሃል አይደለም፣ አግዳሚው ቱቦ ከቋሚው እግር ጋር ከሚገናኝበት ቲ መጋጠሚያ ነው። ከገንዳው የሚረጨው ውሃ በሸራው ኪስ ውስጥ አልፎ እዚያ ይጠራቀምና አይደርቅም። ሲገጠም ቀለሙ የተፋቀ ቦታ ካለ ውሃ ከመግባቱ በፊት ፀረ ዝገት ቀለም መቀባት ያዋጣል፤ በኋላ ላይ እጅ አይደርስበትም።

አሁን ወደ መሬቱ እንግባ። ገንዳ ሲያጋድል ወይም ሲፈርስ መጀመሪያ መመርመር ያለበት እሱ ነው። አምራቾች በአብዛኛው ከዳር እስከ ዳር የሚፈቅዱት የከፍታ ልዩነት 2.5 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ይህ ማክረር አይደለም። ውሃው 1.05 ሜትር ሲቆም በእያንዳንዱ ሜትር የግድግዳ ርዝመት ላይ 550 ኪሎ ገደማ ወደ ውጭ ይገፋል። ጥልቀቱ በእጥፍ ቢጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ በዝቅተኛው በኩል 5 ሴንቲሜትር ብቻ ሲጨመር ግፊቱ በ10 በመቶ ያድጋል። በዚያ ላይ እግሮቹ ቀጥ ማለታቸው ይቀርና ክብደቱን በጎን መሸከም ይጀምራሉ፤ እነሱ ደግሞ የተሠሩት ቆመው እንዲሸከሙ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። መሃሉ ላይ ችካል ይተከልና በ2.6 ሜትር ገመድ ክብ ይሰመራል። በክቡ ውስጥ ያለው ሣር ከነሥሩ ይነሳል፤ ከሸራው ሥር የቀረ ሣር ይበሰብሳል፣ ይሸታል፣ ወለሉንም ያጎረብጠዋል። አንዳንዱ ጠንካራ ሣር ሸራውን ወግቶ እስከ መውጣት ይደርሳል። ከዚያ ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ግልጽ ላስቲክ ከፍታው ይለካል። አጭር ውሃ ልክ በዚህ ስፋት ላይ ያታልላል፤ በአንድ ሜትር ላይ የማይታይ ስህተት አራት ሜትር ተኩል ሲሄድ ሴንቲሜትሮች ይሆናል። ትልቁ ደንብ አንድ ነው፦ ከፍታው ይቆረጣል እንጂ ዝቅታው አይሞላም። የተሞላ አፈር ምንም ቢደለደል ከ17 ቶን ሥር ይሰምጣል፣ የሚሰምጠውም በአንድ ጎን ነው።

በእያንዳንዱ እግር ሥር 40 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ የኮንክሪት ንጣፍ፣ ላይኛው ፊቱ ከመሬቱ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ተቀብሮ፣ ይቀመጣል። ከፍ ብሎ ከወጣ ጠርዙ ሸራውን ይበላዋል። አሸዋ በወለሉ ሥር በወንፊት ተነፍቶ እስከ 2 ሴንቲሜትር ቢነጠፍ ጥሩ ነው፤ በእግር ሥር ግን በፍጹም፣ ዝናብ ጠርጎት ይሄዳል። ከአሸዋ የተሻለው 2 ወይም 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ የፎም ሰሌዳ ነው፤ ሰሌዳዎቹ በፕላስተር ይያያዙና ከላያቸው ምንጣፉ ይዘረጋል። የእግር ስሜቱ ለስላሳ ይሆናል፣ ጠጠርም አያልፍበትም። ከካርቶኑ የሚወጣው ምንጣፍ ብቻውን ቀጭን ላስቲክ ስለሆነ ከእርጥበት እንጂ ከጠጠር አያድንም።

ጣሪያ ወይም በረንዳ ላይ ለማቆም የሚያስብ ካለ፣ ይህ ገንዳ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከአንድ ቶን በላይ ይጭናል። የመኖሪያ ቤት ወለል ለዚህ ጭነት አይሠራም። መሐንዲስ አስልቶ ካልፈቀደ መታሰብም የለበትም።

ገጠማው ራሱ ቀላል ነው፤ ሁለት ሦስት ሰው በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል። ሸራው ለአንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ቢቆይ ይለሰልሳል፤ ጎትቶ ማስፋት ግን አይገባም። የውሃ መግቢያና መውጫ ቀዳዳዎቹ ፓምፑ ወደሚቀመጥበት ጎን መዞራቸው መጀመሪያ ይረጋገጥ፤ ውሃ ከገባ በኋላ 17 ቶን የሚያዞር የለም። አግዳሚዎቹ በሸራው ኪስ ውስጥ ያልፋሉ፣ በመጋጠሚያዎቹ ይያያዛሉ፣ ከዚያ እግሮቹ ይገባሉ። የመጨረሻው መጋጠሚያ ሁልጊዜ ያስቸግራል። መፍትሔው ማስገደድ ሳይሆን ከጎንና ከጎን ያሉትን ሁለት ቱቦዎች በአንድነት ትንሽ ወደ ላይ አንስቶ እያወረዱ መግፋት ነው።

ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲሜትር ውሃ ሲገባ ቧንቧው ይዘጋና አንድ ሰው በባዶ እግሩ ገብቶ የወለሉን እጥፋት ከመሃል ወደ ዳር ይገፋል። ይህ ሥራ ከዚያ በኋላ አይቻልም። የቀረ እጥፋት ቆሻሻ ይይዛል፣ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌም የሚበቅለው እዚያው ነው። 10 ሴንቲሜትር ላይ እንደገና ቆም ብሎ ውሃው በዙሪያው እኩል መድረሱን በሜትር መለካት ያስፈልጋል። ልዩነቱ ከ2.5 ሴንቲሜትር ካለፈ አሁኑኑ ማፍሰስና መሬቱን ማረም ይሻላል፤ ቢሞላ አይስተካከልም፣ ይብሳል። በደቂቃ 15 ሊትር በሚሰጥ ቧንቧ መሙላቱ 19 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ሌሊቱን ትቶ መተኛት አይገባም፣ በተለይ ቀዳዳዎቹ በውሃ በሚሸፈኑበት ሰዓት። የቀዳዳው ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) ጠፍጣፋ ጎኑ ወደ ሸራው ካልዞረ የሚያንጠባጥበው ያኔ ነውና።

ፓምፑ ላይ ቅሬታ አለን። በካርቶኑ ላይ በሰዓት 3,800 ሊትር ገደማ ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ የፓምፑ የራሱ አቅም ነው። ውሃው በጎማዎቹና በካርትሪጁ አልፎ ሲመለስ 3,000 ሊትር ገደማ ይሆናል። የገንዳው ውሃ አንድ ጊዜ ለመዞር ወደ 6 ሰዓት ይወስዳል ማለት ነው፣ ያውም ካርትሪጁ ንጹሕ ከሆነ። በሙቀት ወራት በቀን ከ8 እስከ 12 ሰዓት መሥራት አለበት። ብዙዎች ካርትሪጅን ጥሩ አያጠራም ብለው ያሙታል፤ ይህ ልክ አይደለም። እንዲያውም ከአሸዋ ይልቅ ደቃቁን ይይዛል። ችግሩ ስፋቱ ነው፤ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል። በሳምንት አንዴ፣ ብዙ ሰው ሲዋኝ ደግሞ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ወጥቶ በእጥፋቶቹ መካከል ከላይ ወደ ታች በጎማ ይታጠባል። ሁለት ገዝቶ ማቀያየር ብልህነት ነው፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ የተጣበቀው ቆሻሻ በቀላሉ ይረግፋል። የፀሐይ ቅባት ከበዛበት በውሃ ብቻ አይለቅም፣ የካርትሪጅ ማጠቢያ ያስፈልገዋል።

ፓምፑ ተነስቶ ውሃ ካልመለሰ ተቃጠለ ብሎ ከመደምደም በፊት የታፈነ አየር ይፈለግ። ከማጣሪያው አናት ያለችው የአየር መልቀቂያ ውሃ እስክትተፋ ድረስ ተከፍታ ትዘጋለች። ፓምፑ ከውሃው ልክ በታች ተቀምጦ መሆን አለበት። ያለ ውሃ ከዞረ የዘንጉ ጎሚኒ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል።

በሁለተኛው ወቅት ገንዘብ ማውጣት ከተቻለ ቅድሚያ የሚሰጠው ከ20 እስከ 25 ኪሎ አሸዋ የሚይዝና በሰዓት 6,000 ሊትር ገደማ የሚያዞር የአሸዋ ማጣሪያ ነው። ውሃውን ከ3 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያዞረዋል፣ እጥበቱም ቫልቭ ማዞር ብቻ ነው። አሸዋው ለማጣሪያ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊሜትር የሆነ ይሁን፤ የግንባታ አሸዋ ጭቃ አለበት። ታንኩ መጀመሪያ እስከ ግማሹ ውሃ ይሞላና የመሃሉ ቱቦ አፉ ተሸፍኖ አሸዋው በዝግታ ይፈሳል። ውሃው ከሥር ያሉትን ስስ የፕላስቲክ ጣቶች ከመሰበር ይጠብቃቸዋል። በኋላ አሸዋ ወደ ገንዳው ከተመለሰ ከእነሱ አንዱ ተሰብሯል ማለት ነው። ንጹሕ ሳለ የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር ተጽፎ ይቀመጥ። ከዚያ ላይ በ0.5 ባር ገደማ ሲጨምር ውሃው በግልባጭ ለ2 ወይም 3 ደቂቃ፣ ከዚያም በማለቅለቂያው ለ30 ሰከንድ ይለቀቃል። ቫልቩ የሚዞረው ፓምፑ ጠፍቶ ብቻ ነው። እየሠራ ከዞረ የውስጡ ጎሚኒ ይፈናቀላል፣ ከዚያ በኋላ ቆሻሻው ሳይጣራ ወደ ገንዳው ይመለሳል።

ስለ ኤሌክትሪኩ አጭር ነገር፤ ግን የሰው ሕይወት ያለበት ነው። መስመሩ ምድር ሽቦ ያለውና በ30 ሚሊአምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ የሚቆርጥ መከላከያ የተገጠመለት መሆን አለበት። ፓምፑ ከገንዳው ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ። በማራዘሚያ ገመድ መሬት ለመሬት መጎተት የተከለከለ ነው። ሰው ውስጥ እያለም ፓምፑ መሥራት የለበትም።

ወደ ውሃው ስንመጣ፣ የገዢዎች ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው የሚነገረው "ታብሌት ጨምር" የሚል ብቻ ነው። የሚፈለጉት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ ነፃ ክሎሪን (ከቆሻሻ ጋር ያልተጣመረው) በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም፣ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.6፣ አልካሊኒቲ (ውሃው የፒኤች መዋዠቅን የሚቋቋምበት አቅም) ከ80 እስከ 120፣ ሳያኑሪክ አሲድ (ክሎሪኑን ከፀሐይ የሚከላከል ኬሚካል) ከ30 እስከ 50፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱም በሊትር ሚሊግራም ናቸው። መጀመሪያ የሚስተካከለው አልካሊኒቲው ነው፤ እሱ ዝቅ ካለ ፒኤቹ አንድ ቦታ አይረጋም። በ17,000 ሊትር ውስጥ አልካሊኒቲን በ10 ለማሳደግ 300 ግራም ገደማ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል። ቀጥሎ ፒኤች፣ በመጨረሻ ክሎሪን። ቅደም ተከተሉ ለወግ አይደለም። በፒኤች 7.5 ላይ ከክሎሪኑ ግማሽ ገደማው ጀርም በሚገድለው መልኩ ይገኛል፤ ፒኤቹ 8 ሲደርስ ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። ፒኤቹ ሳይታይ ክሎሪን የሚያፈስ ሰው ገንዘቡን ወደ ውሃ ይጥላል።

ታብሌቱ ራሱ ወጥመድ አለው። 200 ግራም የሚመዝን ባለ 90 በመቶ ትራይክሎር (ሳያኑሪክ አሲድ ያለበት የክሎሪን ዓይነት) ታብሌት በዚህ ገንዳ ውስጥ ሲሟሟ በሊትር 10 ሚሊግራም ክሎሪን ይሰጣል፤ አብሮት ግን 6 ሚሊግራም ያህል ሳያኑሪክ አሲድ ይተዋል። ክሎሪኑ ያልቃል፣ አሲዱ ግን አያልቅም፣ በፀሐይ አይተንም፣ ማጣሪያም አይይዘውም። ከስምንት ታብሌት በኋላ ወደ 50 ደርሷል፣ ከአስራ አምስት በኋላ 90 አልፏል። ያኔ መመርመሪያው "ክሎሪን አለ" እያለ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ይለመልማል፤ ክሎሪኑ በአሲዱ ታስሮ ሥራውን በጣም አዘግይቷልና። መድኃኒቱ ከፊሉን ውሃ አፍስሶ በአዲስ መተካት ብቻ ነው። እኛ የምንመክረው ታብሌቱን ሳያኑሪክ አሲዱ 40 እስኪደርስ ተጠቅሞ ከዚያ ወደ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት (ሳያኑሪክ አሲድ የሌለበት የክሎሪን ዱቄት) ወይም ወደ ፈሳሽ ክሎሪን መዞር ነው። ባለ 65 በመቶው ዱቄት 26 ግራም፣ ወይም ሽታና ሳሙና የሌለው ባለ 5 በመቶ በረኪና 340 ሚሊሊትር፣ በዚህ ገንዳ ውስጥ ክሎሪኑን በ1 ሚሊግራም ያሳድጋል። የፀሐይ ጨረር ክሎሪኑን እንዳይበላው መጨመሩ አመሻሽ ላይ፣ ፓምፑ እየሠራ ይሁን። ዱቄቱ ቀድሞ በባልዲ ውሃ ይሟሟ፤ ሁልጊዜ ዱቄቱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ ዱቄቱ አይጨመርም። ትራይክሎርና ካልሲየም ሃይፖክሎራይት በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ማንኪያ እንኳ አይገናኙ፤ ይነዳሉ፣ ሊፈነዱም ይችላሉ። በረኪናና አሲድ ከተገናኙ የሚወጣው መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ነው።

ዓይን ሲያቃጥልና "ክሎሪን ክሎሪን" ሲሸት ብዙ ሰው ክሎሪን በዝቷል ብሎ ያቆማል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። የሚሸተው ከላብና ከሽንት ጋር ተጣምሮ የደከመው ክሎሪን ነው። ጥምሩ ከ0.5 ሲያልፍ የጥምሩን መጠን አሥር እጥፍ ያህል ነፃ ክሎሪን በአንዴ ተጨምሮ መሰባበር አለበት። ነፃውን ከጥምሩ ለመለየት ዲፒዲ የሚባለው ባለ ጠብታ ወይም ባለ ክኒን መመርመሪያ ያስፈልጋል። ቢጫ ቀለም የሚያሳየው ርካሹ ጠብታ ድምሩን ብቻ ነው የሚለካው። ዲፒዲም አንድ አመል አለው፤ ክሎሪኑ በጣም ከፍ ሲል ሮዙ ቀለም ይነጣና "ክሎሪን የለም" የሚል ይመስላል። ቀለሙ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ናሙናው በንጹሕ ውሃ ተቀጥኖ ይደገም።

ውሃው ከለመለመ ሥራው የሁለት ሦስት ቀን ነው። ግድግዳውና ወለሉ በብሩሽ ይፈገፈጋል፣ ፒኤቹ ወደ 7.2 ይወርዳል፣ ክሎሪኑ ከፍ ብሎ ጠዋትና ማታ እየተለካ እዚያው ይያዛል፣ ፓምፑ ሌት ተቀን ይሠራል፣ ካርትሪጁም በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠባል። አረንጓዴው ወደ ግራጫ ሲለወጥ አልጌው ሞቷል፤ የቀረው የማጣሪያው ድርሻ ነው። ውሃው የጉድጓድ ሆኖ ክሎሪን እንደነካው ቡናማ ከሆነ ደግሞ ነገሩ አልጌ ሳይሆን ብረት ነው፤ ክሎሪን መጨመር አይፈታውም፣ የብረት ማሰሪያ ኬሚካል ያስፈልገዋል።

ውሃው በየቀኑ ሲቀንስ ሸራው ተቀደደ ብሎ ከመደንገጥ በፊት ባልዲ ውሃ ሞልቶ መሰላሉ ደረጃ ላይ፣ ገንዳው ውስጥ ማስቀመጥና ሁለቱንም ልክ ማስመር። ከ24 ሰዓት በኋላ እኩል ከቀነሱ ትነት ነው፤ የገንዳው ከበለጠ ፍሳሽ አለ። መጀመሪያ የሚታዩት የጎማ ማሰሪያዎቹ ናቸው። ቀዳዳ ከተገኘ ልጥፉ ማዕዘኑ ተከርክሞ ክብ ይደረግ፤ ሹል ማዕዘን ቶሎ ይላጣል።

ከጨው ክሎሪን የሚያመርት መሣሪያ ይገጠም ወይ የሚል ጥያቄ አይቀርም። ለዚህ ገንዳ አንመክረውም። በሺህ ሊትር 3 ኪሎ ገደማ፣ በድምሩ 50 ኪሎ ጨው ይፈልጋል፣ ጨዋማው ውሃ ሲረጭ የሚጠራቀመውም ቀደም ሲል በጠቀስናቸው ቲ መጋጠሚያዎች ውስጥ ስለሆነ ዝገቱን ያፋጥነዋል።

ሱቅ ውስጥ ከመክፈል በፊት ካርቶኑ ይከፈትና ሦስት ነገር ይታይ። አንደኛው በእግሮቹ ወገብ ላይ የሚዞረው ቀበቶ ነው። ቀበቶው ከእግሮቹ ውጪ የሚያልፍ ከሆነ ለትንሽ ልጅ እንደ ደረጃ ሆኖ ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ገንዳዎች ላይ ለደኅንነት ማስተካከያ የጥሪ ማስታወቂያ የወጣው በዚህ ነው፤ ዘጠኝ ሕፃናት በዚህ መንገድ ወጥተው መስጠማቸው ይታመናል። ማስተካከያው መጀመሪያ እያንዳንዱን እግር በገመድ አስሮ ከዚያ ቀበቶውን ቆርጦ ማውጣት ነው፤ ገመዱና መመሪያው ከአምራቹ ሳይመጣ ግን ቀበቶው አይቆረጥ። በአገር ውስጥ የተከማቸ አሮጌ ዕቃ እየተሸጠ ሊሆን ስለሚችል ማየት ግድ ነው። ሁለተኛው መሰላሉ ነው፤ የውጭው ደረጃ የሚነቀል ወይም ወደ ላይ የሚታጠፍ ካልሆነ አይገዛ። ሰው ሲወጣም ይነሳ። ሦስተኛው የካርትሪጁ ቁመትና ስፋት ነው። ተመሳሳይ መጠን ያለው መለዋወጫ እዚያው ሱቅ መኖሩ ይጠየቅ፤ ከሌለ ሌላ ሞዴል መምረጥ ይሻላል፣ ምክንያቱም ያለ ካርትሪጅ የቆመ ፓምፕ በሳምንት ውስጥ ውሃውን ያስለመልመዋል።